የጠፋው ሙክት ችሎት

የበግ ሌባ ሲዳኝ ያየሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ያደግኩት ሥጋ ከልኳንዳ በሚገዛበት የከተማ ሰፈር ስለሆነ፣ የከብት ሌብነት ለእኔ የትልልቅ ሰዎች ወሬ ነበር። ኮሎምበስ ብዙ ነገር አስተምራኛለች፤ በበረዶ መንዳት፣ የኢንሹራንስ ሰዎችን በስልክ መለማመጥ፣ አቅም ያነሳቸውን አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማሸጋገር። የበግ ሌባ እንዴት እንደሚፈረድበት ያየሁትም እዚሁ ነው፤ ክለብ ሃውስ በሚሉት የአፓርትመንታችን የጋራ አዳራሽ፣ የሌላ ሰው ቤቢ ሻወር ፊኛዎች ከግድግዳው ሳይወርዱ።

ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ካለችው ከፒከሪንግተን አለፍ ብሎ በግ የሚያረባ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አለ። ጥቂት ቤተሰቦች ተሰባስበን ለፋሲካ ከእሱ እንገዛለን። ቀደም ብለን ሄደን እንመርጣለን፣ እሱ ጀርባቸው ላይ ቀለም ይቀባልናል፣ እስከ ቅዳሜ ስዑር እዚያው ይቀለባሉ። እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ሁዳዴን አልጾምም፤ የበጉ ጊዜ ሲደርስ ግን ልዩነታችንን የሚያነሳው የለም።

የቡድናችን አለቃ ጋሼ ነበሩ። አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ። እዚህ መሃል ከተማ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ፣ ጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጠው የመኪና መግቢያውን ማገጃ ክንድ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። «ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ዛሬም በእኔ እጅ ነው» ይላሉ። ሲቀልዱ ይሁን ሲያምኑበት ለይቼ አላውቅም። በዚያ ዓመት የመረጡት ሙክት ከሁሉም የበለጠ ነበር፤ ጥቁር ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ፣ ሰውን ትክ ብሎ የሚያይ። «ላት ቢኖረው ኖሮ ለንጉሥ ይቀርብ ነበር» አሉ። የአሜሪካ በግ ጭራው መቆረጡ በየዓመቱ እንደ አዲስ ያሳዝናቸዋል።

ባለቤታቸው እትዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ዝም ያሉ ሴት ናቸው። ጋሼ ሙክቱን ሲያወድሱ እሳቸው የሚያዩት የጋሼን እግር ነበር። ጋሼ ሪህ አለባቸው፤ ሐኪሙ ቀይ ሥጋ እርም ብሏቸዋል። ሐኪሙ ግን የሚታዘዘው እስከ ፋሲካ ዋዜማ ነው። በየዓመቱ በበዓሉ ማግስት የእግራቸው አውራ ጣት እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ደግፈው ወደ ኢመርጀንሲ የሚወስዷቸው እትዬ ናቸው።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ገበሬው ኮል አደረገልኝ። እንግሊዝኛዬ ከሌሎቹ ስለሚሻል የሱ ጉዳይ ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። «ከእናንተ በጎች አንዱ የለም» አለኝ። «የቱ?» አልኩት፤ መልሱን ልቤ እያወቀው። «ትልቁ።»

ጋሼን ይዤ ስደርስ የካውንቲው ፖሊስ፣ ዴፑቲ ሸሪፉ፣ ቀድሞን ነበር። አጥሩ አልተቆረጠም። በሩ በሥርዓት ተዘግቷል። ጭቃው ላይ ኮቴ አለ፣ ግን ያልረገጠው እንስሳ አልነበረም። ዴፑቲው ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ትሕትና የተሞላ ወጣት ነው።

«በጉ ስም አለው?» አለኝ። ተረጎምኩላቸው።

«ምሳ ስም አለው ወይ በይው» አሉ ጋሼ።

«የለውም» አልኩት።

«መለያ ምልክት?»

እዚህ ላይ ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሙክቱ መልክ፣ ቁመና፣ አረማመድና ጠባይ ረጅም ቃል ሰጡ። ስለ ዓይኑ ብቻ ብዙ ተናገሩ። ዴፑቲው በትዕግሥት ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ። «ቡናማ በግ ይላሉ» አልኩት። ሥራዬን ለማቃለል ሳይሆን ሌላውን የምልበት እንግሊዝኛ ስለሌለኝ ነው።

ሊሄድ ሲል በቅን ልብ አንድ ነገር ተናገረ። «እስኪ እናንተም እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ያልቃል።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

«እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ አለ።»

ፊታቸው በራ። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «ሥልጣኑን አስተላለፈልን ማለት ነው» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናዬ ውስጥ ስለ አውጫጭኝ አስረዱኝ። በድሮ ጊዜ ከብት ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው በሰው አፍ እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይራብ፣ ይጠማ፣ ዝናብ ይምታው፣ ሌባው ሳይታወቅ መበተን የለም። «ፖሊስ የለ፣ አሻራ የለ፣ ካሜራ የለ» አሉ። «ሌባ ግን ይገኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ ትክክለኛው ሌባ ነበር የሚገኘው?» አልኳቸው።

«ሌባ ይገኝ ነበር» አሉ፣ መንገዱን እያዩ።

ክለብ ሃውሱን ሪዘርቭ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የአፓርትመንቱ ማናጀር ዝግጅቱ ምንድን ነው ስትለኝ «የቤተሰብ ስብሰባ» አልኳት። እስከ አመሻሽ ብቻ ነው የፈቀደችልን።

እስከዚያው ተጠርጣሪ ተገኘ። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ግን ከሱ በኋላ የመጣ ስላልነበረ ገና «ዲቪው» የሚባል ሰው ነበር። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ሪከንባከር በሚባለው ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን። የሆሣዕና ጠዋት አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያን ራይድ ሰጥቷት ስትመለስ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የበግ ፀጉር አየች። ቀሚሷ ላይ የቀረውን አንስታ በሶፍት ጠቅልላ አመጣችው። ፀጉሩ ነጭ ነበር። የጠፋው በግ ቡናማ መሆኑን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የበግ መሆኑ በቂ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። አብዛኛው ሰው ዘንባባውን በግንባሩ እንዳሰረ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጣው። የጾሙ ማብቂያ ስለሆነ ሁሉም ከስቷል፣ ሁሉም ይበሳጫል፤ ከጋሼ በቀር ግን ምን እንዳበሳጨው የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ስለ ሥጋ ስርቆት ሊፈርድ የተቀመጠው ሥጋ ከቀመሰ የቆየ ሰው ነው። እኔ የማልጾም ስለሆንኩ «ገለልተኛ ነሽ» ተባልኩና ሰዓት ጠባቂ ተደረግሁ።

መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ ከሳሹም ዳኛውም ጋሼ መሆናቸው ነበር። ከኋላ ያለ አንድ ሰው በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀ።

«ዳኛ የራሱን በግ ካላወቀ የማንን ሊያውቅ ነው?» አሉ ጋሼ። ግን ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ናቸውና መላ ፈጠሩ። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ክስ ሲያሰሙ በግራው ተቀመጡ። ክሱን ሲሰሙ ተነስተው በቀኙ ተቀመጡ። በቀኙ ሆነው የከሳሹን አነጋገር «ግልጽና የታረመ ነው» ብለው አመሰገኑ።

ዲቪው መሃል ላይ ቆመ። የሥራ ጫማውንና የሚያንጸባርቀውን ቢጫ ሰደሪያ እንዳደረገ ነው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ማታ ሥራው ሊሄድ። በየጊዜው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል።

«ሐሙስ ዕለት እርሻው ቦታ ነበርክ ወይስ አልነበርክም?»

«ነበርኩ፣ ጋሼ።»

«ምን ትሠራ?»

«አልፎ አልፎ ዕረፍት ሲኖረኝ እሄዳለሁ። ሽማግሌው ብቻውን ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ቁጭ እንላለን።»

«በምን ቋንቋ?»

«ብዙም አናወራም።»

ሰው ተያየ። ምንም ሳያወራ ከፈረንጅ ጋር የሚቀመጥ ሰው ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

«ፀጉሩስ?»

«አንድ ግልገል ታሞበት ነበር። የሱ መኪና አልነሳ ሲል በእኔ መኪና ሐኪም ቤት ወሰድነው።»

እዚህ ላይ ሳቅ ሆነ። እንባ እስኪያወጣ ድረስ የሳቀ አለ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው አብዛኛው ጥርሱን ሲያመው የሚያስታግሰው በክኒን ነው፤ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ቀጠሮ የሚሰርዝ ነው። በግ ቀጠሮ ተይዞለት፣ በመኪና ተጭኖ ሐኪም ዘንድ ሄደ መባሉን ማን ይመን?

«ገበሬው ራሱ ይመስክርልኛል፤ ደውሉለት» አለ ዲቪው።

ጋሼ ወደ ቀኙ ወንበር ተዛውረው አሰቡበት። «የውጭ ዜጋ ምስክርነት ያለ ቃለ መሐላ አስተርጓሚ አይያዝም» አሉ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

«አንቺ ሰዓት ጠባቂ ነሽ።»

ያኔ እትዬ ከኋላ ረድፍ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኔ አንድ ነገር ልናገር» አሉ። በሰው ፊት ሲናገሩ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

«ቁጭ በይ» አሉ ጋሼ፣ ሳይቆጡ። «የከሳሽ ቤተሰብ ምስክርነት ሚዛን አያነሳም።»

«ነገሩን እኮ—»

«ሕጉን ነው የምልሽ።»

እትዬ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ተነሱ፣ እንደገና ተቀመጡ። ሁለተኛው ላይ ጎናቸው የነበሩት ሴት እጃቸውን ይዘው ጎተቷቸው፤ የባላቸውን ክብር በአደባባይ እንዳይነኩ ብለው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተንዛዛ። ምስክር በምስክር ላይ ተነሳ። አንዱ ስለ ሌላ ሌባ፣ ሌላው ስለ አያቱ ዳኝነት ተናገረ። ሕፃናት በእንግሊዝኛ መቼ ነው የምንሄደው እያሉ አለቀሱ። ጋሼ ከወንበር ወንበር ሲመላለሱ ማነከስ ጀመሩ። ሰዓቱ እየደረሰ መሆኑን ሦስቴ አስታወቅሁ። በሦስተኛው ላይ ጋሼ ተነሱና፣ «ሌባው ሳይወጣ ከዚህ የሚወጣ የለም» ብለው አወጁ።

ዲቪው ግድግዳውን አየ። እንዴት ያለ ጭንቀት ውስጥ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የዘገየ ሰው ፖይንት ይያዝበታል፤ ፖይንቱ ሲሞላ ከሥራ ይባረራል። የሱ ሊሞላ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የሰረቅሁት» አለ። «አሁን ልሂድ?»

 ቀጥሎ ከየአቅጣጫው እፎይታ ተሰማ፤ እልልታ ሊሆን ትንሽ የቀረው እፎይታ። ጋሼ ግን ለነገሩ ወግ እንዲደረግለት ፈለጉ። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዝቅ ብሎ ምሕረት መጠየቅ አለበት።

«ድንጋዩን ቶሎ አምጡልኝ» አለ ዲቪው።

ክለብ ሃውስ ውስጥ ድንጋይ የለም። ሁለት ጎልማሶች ወጥተው፣ ማናጀሯ በሩ አጠገብ ለአበባው ማሳመሪያ ካስቀመጠቻቸው ነጫጭ ድንጋዮች ትልቁን ነቅለው መጡ። ዲቪው ተሸክሞ አጎነበሰ፣ «ይቅር በሉኝ» አለ፣ «ይቅር ብለንሃል» ተባለ፣ ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ መኪናው ሮጠ። ሙክት የሚያህል ሙክት እንዲተካ የተፈረደበት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሰው ደስ ብሎት ተበተነ። ከሌብነት ጋር የተያያዘ ምንም ነገር ሊያይ የማይፈልገው ጉባኤ ያንን ድንጋይ ወደ ቦታው ሳይመልስ ሄደ። በማግስቱ ማናጀሯ በካሜራ አይታው ጠራችኝ፤ ድንጋዩን ታቅፌ የመለስኩት እኔው ነኝ።

እሱን አስቀምጬ ቀና ስል እትዬ የቤቴ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጡት። አስገብቼ ሳልጨርስ፣ «እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ምኑ?»

«በጉ።»

ሁሉንም ነገሩኝ። ዓርብ ዕለት ገበሬው ለገበያ ሲወጣ ጠብቀው፣ የሚኒቫኑን የኋላ ወንበር አጣጥፈው ሄዱ። በጉን በእጃቸው ጨው አስልሰው ከበረቱ አወጡት፤ በሩን ዘጉ። እዚያው መንገድ ላይ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጎችን ለሱፍ ብቻ የምታረባ ፈረንጅ ሴት እንዳለች በመንገዳቸው አይተው ያውቃሉ። ወሰዱላት።

«ምን አሏት?»

«እንግሊዝኛዬን ታውቂዋለሽ። በጉን አስረክቤ ‹ሂ ኖ ኢት› አልኳት። ባሌ መብላት የለበትም ማለቴ ነው። እሷ በጉ አልበላ ብሎ መስሏት ሐኪም ጠራችለት።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ዘንድሮ ሐኪሙ፣ ከእግሩ አልፎ ኩላሊቱን ይነካዋል አለኝ። ብለምነው አይሰማ፣ ብቆጣው አይሰማ። በጉ ከጠፋ ተናድዶ ይተወዋል ብዬ ነው። ያንን ልጅ ያቆመዋል ብዬ መቼ አሰብኩ? ልናገር ብነሳ ሕግ ጠቀሰብኝ።»

በዚያው ዲቪው ዘንድ ሄድን። ቤቱ አልነበረም፤ ስንደውልለት እራት ተጋብዞ ነበር። በማግስቱም ተጋብዞ ነበር። ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። እትዬ እውነቱን ነግረውት ሊያለቅሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘ።

«እትዬ፣ ይተዉት።»

«እንዴት እተወዋለሁ? ሌባ አሰኘሁህ እኮ።»

«ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ ቤቱ የጠራኝ ሰው አልነበረም» አለ። «ማንም ክፉ ሆኖብኝ አይደለም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ከእሑድ ወዲህ ግን ይቅር ማለታቸውን ሊያሳዩኝ ሁሉም ይጠሩኛል። ትናንት ሁለት ቤት ነው የበላሁት። አንዱ እንደውም የተሻለ ሥራ አለ ብሎ ሊያስገባኝ ነው፤ እንዳልሰርቅ ከእሱ ጋር ቢያደርጉኝ ይሻላል ብሎ።»

በጉን ግን መግዛት አልነበረበትም፤ እትዬ ከለከሉት። አልሰማቸውም። ተፈርዶብኛል አለ፣ ገዛ።

የፋሲካ ዕለት ሁላችንም ጋሼ ቤት ነበርን። ዲቪውም በክብር ቦታ፣ ከጋሼ ቀጥሎ ተቀምጧል። እትዬ ለጋሼ ዶሮ አቀረቡላቸው። ጋሼ ዶሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ከጥብሱ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። አፋቸው ሊያደርሱት ሲሉ እትዬ ተናገሩ።

«በግህን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ምንም አያውቅም።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። እትዬ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ጨው፣ ሚኒቫኑ፣ በግ ለሱፍ የምታረባዋ ሴት፣ ኩላሊቱ። ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ፍረድብኝ» አሉ።

ጋሼ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱ። «ተከሳሹ አምኗል» አሉ። «ያመነ ሰው ይግባኝ የለውም።»

«እኔስ? እኔም እኮ አመንኩ።»

 ጋሼ ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። እንግዶቹ ግን የሕግ ነጥብ ሲያገኙ ዝም የሚሉ አልነበሩም። ሚስት የባሏን በግ ብትወስድ ስርቆት ነው ወይ? አንዱ ነው አለ፣ ሌላው የጋራ ንብረት ነው አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ ስርቆት አልተፈጸመም፣ በዲቪው ላይ የተሰጠው ፍርድ ግን ሥርዓቱን ጠብቆ የተሰጠ ነው በሚል ተስማሙ። ዲቪው ይህን ሁሉ እየሰማ ጥብሱን በላ። የሱ በግ ነውና ጣፍጦት ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ሳያብጥ የፋሲካን ሰኞ አዩ። በዚያ ጤነኛ እግራቸው የዲቪውን አፓርትመንት ደረጃ ወጡ። እትዬ መኪናው ውስጥ ቀሩ። ዲቪው በኋላ እንደነገረኝ፣ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «በድዬሃለሁ፤ ልጠይቅህ ሲገባኝ ፈረድኩብህ» አሉት። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ አንቀጽም አልጠቀሱም። እሱም ምን እንደሚባል ስላላወቀ ሩዝ አቀረበላቸው። እሳቸውም በሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር አሁንም ያናድደኛል። ንጹሕ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚጠራው ሰው እየሳሳ ሄደ። ይቅር የሚባል ነገር ስለሌለው ለራት የሚጠራበት ምክንያት ጠፋ። ሥራ አስገባሃለሁ ያለውም ስልክ ማንሳት አቆመ። ሙሉ በሙሉ ያልተዉት ጋሼና እትዬ ብቻ ናቸው፤ እሑድ እሑድ አብሯቸው ይበላል፣ ሽሮም ቢሆን። እኔም አንዳንዴ እጨመራለሁ።

ባለፈው ክረምት በግ ለሱፍ የምታረባዋ ሴትዮ ስልኬን ከገበሬው ተቀብላ ደወለችልኝ። ቡናማው በግ አጥር ዘሎ የጎረቤት ጎመን በልቷል፤ የመጣው ከእናንተ ዘንድ ስለሆነ ጠባዩን ታውቃላችሁ ወይ ብላ ነው። ለጋሼ ስነግራቸው ሳይነሱ፣ ከተቀመጡበት ወንበር ላይ ሆነው፣ «መጀመሪያ ጎመኑን ሲበላ ማን እንዳየው ጠይቂ» አሉኝ።